ለጥሩሸዋ ያልደረሰ ምክር

አቶ ጫኔ እህታቸውን አመተሥላሴን ከሆስፒታል አስወጥተው ወደ ቤታቸው ሊያመጧት ቆርጠው ተነሥተዋል። መንገድ ዳር ሚኒባስ ሲጠብቁ ግን የጎረቤታቸው ልጅ ጽናት አገኘቻቸው። ጽናት ነርስ ናት።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ወዴት ነው በማለዳው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። አመተሥላሴ በቀዶ ሕክምና ተገላግላ ተኝታለች። ቁስሉ ሳያመረቅዝባት ላወጣት ነው። ጥሩሸዋን ያየ ሰው ደግሞ እናንተን አያምንም።»

ጥሩሸዋ ባለቤታቸው ነበረች። አምና አንጀቷ ታጥፎ ተቀዶላት ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ቁስሏ አመርቅዞ ሞተች።

«እውነትዎን ነው» አለች ጽናት። አቶ ጫኔ የረቱ መሰላቸው። «በአገራችን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ከአሥር ሰዎች የአንዱ ያህል ቁስል ያመረቅዛል። የእኛም ጥፋት አለበት፤ ውሃ ይጠፋል፣ ክፍሉ ይጨናነቃል፣ እጁን ሳይታጠብ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ የሚያልፍም አይታጣም። ግን እትዬ ጥሩሸዋ ሆዳቸው እንደተነፋ ወዲያው ነው ሐኪም ቤት የሄዱት?»

«ጠበል ይሻላታል ብለን ሰነበትን።»

«የታጠፈ አንጀት ሲቆይ ይበሰብሳል፤ እድፉ ቁስሉን ይበክላል። ቤት ከገቡስ በኋላ?»

አቶ ጫኔ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ፋሻው አፍኗታል ብዬ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ፈታሁት። ለጋ ቅቤ ቀባሁላት። ከላይ ገጥሞ ሳየው ኪኒኑንም አስተውኳት። ትኩሳቱ ሲነሣ፣ ምች ነው አልኩ።»

«መግሉ ከሥር ነበር ጋሼ።»

«እኔ ነኛ የገደልኳት!»

«እንዲህ አይበሉ። ስትወጡ አስረድቶ መንገር የእኛ ፈንታ ነበር። የነገረዎ አለ?»

«አንዱ በጥድፊያ የሆነ ነገር ብሎኝ ነበር። አልገባኝም፤ ደግሜም አልጠየቅኩት።»

አቶ ጫኔ ሚስታቸውን ይወዱ ነበር፤ ቅቤውንም የቀቡት ስለሳሱላት ነው። ቁስል ግን የወዳጅ ነው ብሎ ያልታጠበን እጅ አይምርም።

ሆስፒታል ሲደርሱ አመተሥላሴ ልብሷን ለብሳ ጠበቀቻቸው።

«እንሂድ ወንድም ጋሼ?»

«ተኚ። ሐኪሙ ሂዱ ሳይለን አንሄድም።»

እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ሕፃኑን አቀፉ። በመውጫቸው ቀን ነርሷን አስቁመው፣ ፋሻው መቼ እንደሚቀየር፣ ኪኒኑ እንዴት እንደሚዋጥ ደጋግመው ጠየቁ። የአመተሥላሴም ቁስል በደኅና ሻረ።

ዛሬ በሰፈሩ ተቀዶለት የሚመለስ ሲኖር አቶ ጫኔ ሊጠይቁ ሄደው ይመክራሉ፤ «ሳትታጠቡ አትንኩት፣ ቅቤ አታስጠጉት፣ ኪኒኑን ሳይጨርስ አይተው፣ ቁስሉ ከቀላ ወይ ትኩሳት ከተነሣ ሳታድሩ መልሱት።»

አንዲት እናት ልጇ ድኖላት ስትመርቃቸው፣ «አሜን» አሉና አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ቤት ግን ምክሩ የደረሰው ከተዝካሯ በኋላ ነው።»