የእናቶችን ፍርሃት ያስተረጎሙት ወይዘሮ የሻረግ ምህረቴ

ዛሬ አስከሬናቸውን ከፊታችን አኑረን የምንሰናበታቸው ወይዘሮ የሻረግ ምህረቴ፣ ከአባታቸው ከመሪጌታ ምህረቴ ውዱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጋ በ1914 ዓ.ም. በግምጃ ቤት ከተማ አካባቢ ተወለዱ። ከእናታቸው አገውኛ፣ ከአባታቸው አማርኛ እየሰሙ ያደጉ ሲሆን፣ ሴት ልጅን ፊደል ማስቆጠር ባልተለመደበት በዚያ ዘመን አባታቸው ከተማሪዎቻቸው ጎን አስቀምጠው ዳዊት አስደግመዋቸዋል።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ከአቶ ገብረ ማርያም ጋር ተጋብተው ዳንግላ ጎጆ ወጡ። የበኩር ልጃቸው በተወለደ በሁለተኛው ሳምንት እንደ አገሩ ልማድ እንጥሉ ተቆርጦ፣ ደሙ አልቆም ብሎ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ከዚያ በኋላ እናትነሽን ወለዱ፤ አቶ ገብረ ማርያም ግን ብዙ ሳይቆዩ በንዳድ ስላረፉ፣ ልጃቸውን ጥጥ እየፈተሉ ብቻቸውን አሳደጉ።

በ1953 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ የመጡ የጤና ባለሙያዎች በከተማው የእናቶችና የሕፃናት ማከሚያ ሲከፍቱ በጽዳት ሥራ ተቀጠሩ፤ ከገጠር የሚመጡትን እናቶች አገውኛ የሚያስተረጉም ሰው በመጥፋቱም ወዲያው አስተርጓሚ ሆኑ። አንድ ቀን የማከሚያው ኃላፊ ሲስተር ሄልጋ፣ የልጇን እንጥል ያስቆረጠች አንዲትን ወጣት እናት በአማቷና በተሰበሰበው ሰው ፊት ክፉኛ ተቆጧት። ከዚያ ወዲያ የገጠር እናቶች መምጣቱን ተዉት።

ወይዘሮ የሻረግም ነርሷ ዘንድ ገብተው፣ «ሲስተር፣ ያቺ ልጅ ጉዳቱን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ሳታስቆርጥ ቀርታ ሕፃኑ ቢሞትባት እናቱ ገደለችው ትባላለች። እኔም የበኩር ልጄን ለቆራጩ ያቀረብኩት ይህንኑ ፈርቼ ነው» አሏቸው። ነርሷም፣ «ታዲያ ምን ይሻላል?» ሲሉ ጠየቁ። «ምክሩ ይቆየንና አስቀድመን እንጠይቃቸው» ሲሉ መለሱላቸው።

ከዚያም ሁለት ዓመት ሙሉ በጋሪና በእግር እስከ አዲስ ቅዳም ከተማ እየተመላለሱ እናቶችን በየቤታቸው ለብቻ፣ «ወቃሽ ባይኖርሽ ታስቆርጪ ነበር?» እያሉ ጠየቁ። አብዛኞቹ አላስቆርጥም ነበር አሉ፤ እያንዳንዷ ግን እንዲህ የምታስብ እርሷ ብቻ ትመስላት ነበር። በመጨረሻም እናቶቹን ከአማቶቻቸው ጋር ሰብስበው ያሰቡትን እርስ በርስ እንዲነጋገሩ አደረጉ፤ በዚያ ዓመት አሥራ ዘጠኝ ቤት ልማዱን ተወ። አዲስ የሚመጡ የውጭ አገር ሠራተኞችም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ከእርሳቸው ፊት ተቀምጠው፣ ማን ቀድሞ ሰላም እንደሚባል፣ ምራት በአማቷ ፊት ለምን ዝም እንደምትል፣ ራስ መነቅነቅም ሁልጊዜ እሺታ እንዳልሆነ ይማሩ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ እርሳቸው አዲስ ቅዳም ለማስተማር በሄዱበት ሰሞን፣ እንጅባራ የተዳረችው እናትነሽ የወለደችው ሕፃን እንጥሉ ተቆረጠ። ቁስሉ አመርቅዞ ሞተ፤ ወይዘሮ የሻረግ ሲደርሱ ተቀብሮ አገኙት። እናትነሽ እግራቸው ላይ ወድቃ፣ «እማዬ፣ እምቢ ለማለት አፈርኩ» አለቻቸው። ሕፃኑን ያስቆረጡትን የአባቱን እናት ወይዘሮ ካሳነሽን ግን ዐይን ለዐይን ማየት አቅቷቸው ተመለሱ። በየገበያው «የራሷን ሳታድን የሰው ታስተምራለች» መባሉን ከሰው እየሰሙ ሁለት ወር ከቤታቸው አልወጡም።

ወደ ሥራቸው በተመለሱ ቀን ለተሰበሰቡት የውጭ አገር ሠራተኞች የተናገሩት፣ «እናቲቱ ማንን እንደምትፈራ ጠይቁ እያልኩ አስተማርኋችሁ፤ የገዛ ልጄን ግን አልጠየቅኋትም» የሚል ብቻ ነበር። ከዚያም እንጅባራ ሄደው የወይዘሮ ካሳነሽን ደጅ አንኳኩ። ሁለቱ ሴቶች የተነጋገሩትን ማንም አልሰማም፤ ወይዘሮ ካሳነሽ ግን ከዚያ ወዲህ ከእርሳቸው ጋር በየመንደሩ እየዞሩ፣ ሰው ፈርተው ያደረጉትን በገዛ አፋቸው ሲናገሩ ኖረዋል። ይህ በዛሬው ቀን እንዲነበብ የፈቀዱትም ራሳቸው ወይዘሮ ካሳነሽ ናቸው።

ወይዘሮ የሻረግ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ባሕር ዳር ተወስደው ሲታከሙ ቢቆዩም ሊሻላቸው ስላልቻለ፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሀሊሜ እስከ መጨረሻው እያስታመሟቸው፣ የካቲት 11 ቀን 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በ47 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ከሕፃን ልጇ ሞት ወዲህ ልጅ ያላገኘችውን አንድ ልጃቸውን እናትነሽን፣ ወንድማቸውን አቶ ውቤን፣ አሁን በመካከላችን ቆመው የሚያለቅሱትን ወይዘሮ ካሳነሽንም ትተውልን ሄደዋል።

የደከመ የሚያርፍበት አምላካችን ነፍሳቸውን በመንግሥቱ ይቀበልልን፤ እናትነሽንና ወይዘሮ ካሳነሽንም አጽንቶ ያኑርልን። አሜን።