ሰባተኛው ጉድጓድ

በአንድ የደጋ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ረፋድ ላይ፤ የጅብራ ሜዳ የወል ግጦሽ ጠባቂ የሆኑት አዛውንቱ አያ ቢሰጥ ከተራራው ወርደው የአፈር ጥናት ባለሙያው ምንውየለት ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል።

ቢሰጥ፦ አልቀመጥም። ይችን ወረቀት ብቻ ያንብቡልኝ።

ምንውየለት፦ አያ ቢሰጥ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እኔን አንቱ የሚሉኝ?

ቢሰጥ፦ ከትናንት ወዲያ ወዲህ። አንተ እለው የነበረው ልጅ አሥራ ዘጠኝ ቀን እቤቴ፣ በገዛ ባናዬ ተጠቅልሎ የተኛው ነበር። እሱን አጣሁት። ያንብቡ፤ ቄሱ አሳስተው አንብበውልኝ እንደሆነ ልወቅ።

ምንውየለት፦ ይኼ እኮ ገና ለሕዝብ አልወጣም። ከየት አገኙት?

ቢሰጥ፦ የቀበሌው በር ላይ ለጥፈውታል። ከዚያ ሌላ ሕዝብ ካለ እንጃ።

ምንውየለት፦ «የጅብራ ሜዳ አፈር፦ ጥልቀቱ ከአንድ ሜትር በላይ፣ ጠጠሩ አነስተኛ። የመሬቱ ደረጃ ሦስት። ለእርሻ ተስማሚ።»

ቢሰጥ፦ ከታችስ?

ምንውየለት፦ ከታች ፊርማ ነው።

ቢሰጥ፦ የማን?

ምንውየለት፦ የእኔ።

ቢሰጥ፦ እንግዲያው ቄሱ አልተሳሳቱም።

ምንውየለት፦ ይቀመጡና ላስረዳዎት።

ቢሰጥ፦ እኔ ላስረዳዎት እንጂ። ስድስት ጉድጓድ ቆፈርን፤ ስድስቱንም በእኔ ዶማ። አራተኛው ላይ እጀታው ተሰበረ፣ ከአስታ ዛፍ ቆርጬ ሌላ አበጀሁለት። ከላይ ጥቁሩ አፈር ስንዝር ተኩል፣ ከሥሩ ጠጠር፣ ከጠጠሩ ሥር አለት። ስድስቱም ላይ ያው ነው። እርስዎ አፈሩን በውኃ እያራሱ በጣትዎ ይጠቀልላሉ፣ በወንፊት ይነፋሉ፣ ጠጠሩን ለብቻው ይመዝናሉ። «አያ ቢሰጥ፣ ከግማሽ በላዩ እኮ ድንጋይ ነው» አላሉኝም?

ምንውየለት፦ ብዬዎታለሁ።

ቢሰጥ፦ ስሙንም ነግረውኝ ነበር። ሌፕ... ሌፕቶ...

ምንውየለት፦ ሌፕቶሶል።

ቢሰጥ፦ እሱን። እኛ ጭንጫ የምንለውን። «የጓሳው ሣር ሥር አቅፎ ይዞት ነው እንጂ ማረሻ ከነካው ሁለት ክረምት አይቆይም፣ ጎርፍ ጠርጎት አለቱ ይቀራል» አሉኝ። ደረጃው ሰባት ነው፣ ከብት ይጋጥበት እንጂ አይታረስ ተብሎ ይጻፋል አሉኝ። ሰባት ዞሮ ሦስት የሚሆነው የት አገር ነው?

ምንውየለት፦ ሰባት ብዬ ነው የጻፍኩት። የመጀመሪያው ሪፖርት ላይ ሰባት ነው።

ቢሰጥ፦ ሁለተኛ አለው?

ምንውየለት፦ ተመለሰብኝ። ናሙናው አይበቃም፣ ሌላ ጉድጓድ ይጨመር ተባለ። እኔ ስልጠና ላይ ነበርኩ፤ ሌሎች ባለሙያዎች ወጡና ሰባተኛ ጉድጓድ ቆፈሩ። እዚያ ላይ አንድ ሜትር ከሃያ ድረስ ጥቁር አፈር አገኙ። ጠጠር የሚባል የለውም።

ቢሰጥ፦ ጅብራ ሜዳ ላይ?

ምንውየለት፦ ወረቀቱ እንደዚያ ይላል።

ቢሰጥ፦ እኛ እኮ ሰው የሚቀበርበት አፈር አጥተን ሬሳ ተሸክመን ሦስት ሰዓት ቁልቁል የምንወርድ ሰዎች ነን። ያን ያህል አፈር ቢኖረን ኖሮ እናቴን እዚያው ከደጄ አሳርፋት አልነበር? እርስዎ ጉድጓዱን በዓይንዎ አይተውታል?

ምንውየለት፦ አላየሁትም።

ቢሰጥ፦ ሳያዩ ፈረሙ።

ምንውየለት፦ ፈረምኩ። ከበላይ «ባለሀብቱ ለድንች ዘር እርሻ ቦታ ይፈልጋል፤ ጥናቱን የሚያጓትት ባለሙያ አንፈልግም» ተባለ። የቡድን መሪነቱም ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ወጣልኝ። ምን እንደሆነ ገብቶኛል። አልገባኝም አልልም።

ቢሰጥ፦ መጀመሪያ ስትመጡ ሰዉ አናስቆፍርም ብሎ ዱላ ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ያስታውሳሉ?

ምንውየለት፦ አስታውሳለሁ።

ቢሰጥ፦ «ይኼ ልጅ አይከዳንም፣ በእኔ ይሁንባችሁ» ብዬ መሐል የገባሁት እኔ ነኝ። እሑድ ሰንበቴ ላይ ጽዋው ሲዞር እኔ ጋ ሲደርስ ዘለሉኝ። ከአጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ በእኔ ላይ አሳልፎ ለወዲያኛው ሰጠ። አርባ ዓመት የጠጣሁበት ማኅበር ነው። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም።

ምንውየለት፦ አያ ቢሰጥ...

ቢሰጥ፦ ሐሙስ ስብሰባ ተጠርቷል። ሐሙስ ከጸደቀ ለማንም አይመለስም። በጎቹን የት እንነዳቸዋለን? የቤት ክዳን ሣር ከየት እናጭዳለን? ይልቅ ያን የሰባተኛውን ጉድጓድ ወረቀት ያውጡና ያንብቡልኝ። ምን ምን አገኘን ይላሉ?

ምንውየለት፦ ምን ያደርግልዎታል?

ቢሰጥ፦ ያንብቡ ነው የምል።

ምንውየለት፦ «ቀለሙ ጥቁር። ሲነካ ለስላሳ፣ የሚፈረካከስ። ዳገቱ አነስተኛ፣ ከላዩ የድንጋይ ካብ አለ። ከስልሳ ሳንቲ ሜትር በታች የአመድ ንብርብር፣ የበግ አጥንት ስብርባሪ...»

ቢሰጥ፦ ይድገሙት።

ምንውየለት፦ የአመድ ንብርብር፣ የበግ አጥንት።

ቢሰጥ፦ ይኼ ጅብራ ሜዳ አይደለም። ይኼ የአባቴ በረት ነው።

ምንውየለት፦ የምን በረት?

ቢሰጥ፦ ከሜዳው በታች፣ ከገደሉ ሥር የተከለለች ጉድባ አለች። አያቴም አባቴም በግ ያሳድሩባት ነበር። የመቶ ዓመት የበግ በጠጥ ነው እንጂ አፈር አይደለም። ጎርፉም ከላይ እየጠረገ እዚያ ነው የሚጥለው። ከቤተሰቤ በቀር ማንም አያውቃት። ሊያገኟት ቢሉ መንገድ የለውም፣ መርቶ የሚያወርዳቸው ሰው ያስፈልጋል። ማን መራቸው?

ምንውየለት፦ ይኼን ቢተዉት ይሻላል።

ቢሰጥ፦ ማን መራቸው?

ምንውየለት፦ አያ ቢሰጥ፣ እርስዎ ይግባኝ ቢሉ ዞን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ቦታውን ማን አሳየ ይላል። ስሙ ይወጣል፣ ይከሰሳል። ነገሩን እንዳለ ቢተዉት ለቤትዎም ሰላም ነው።

ቢሰጥ፦ ለቤቴ?

ምንውየለት፦ አንሙት ነው።

ቢሰጥ፦ የቱ አንሙት?

ምንውየለት፦ ልጅዎ። እርሻው ሲጀመር የጥበቃ ኃላፊ ትሆናለህ ብለውት ነው። እዚህ ቅጽ ላይ መንገድ መሪ ብሎ ፈርሟል፤ ይኸው።

ቢሰጥ፦ ወንበሩን አምጡልኝ።

ምንውየለት፦ ይቀመጡ። ውኃ ላምጣልዎት?

ቢሰጥ፦ ዛሬ ጠዋት ድልድዩ ድረስ የሸኘኝ እሱ ነው። በቅሎዋን ጭኖ፣ ኮርቻውን አጥብቆ። «ሂድ አባባ፣ ያንን ከሃዲ እንዳትለቀው» ብሎኝ ነው የተመለሰ። መሬት ስጠኝ ሲለኝ ነበር። አራት ልጆች አሉት። ያለችኝን ብከፋፍላት ለማንኛችሁም እግር ማሳረፊያ አትሆንም አልኩት። ዝም አለ። የተስማማ መስሎኝ ነበር።

ምንውየለት፦ ችግር ነው አያ ቢሰጥ። ሰው ይጨንቀዋል።

ቢሰጥ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አሁን ይኼን የነገሩኝ እንዳውቀው ነው ወይስ አፌን ለመዝጋት? እውነቱን።

ምንውየለት፦ አፍዎን ለመዝጋት።

ቢሰጥ፦ እሺ። ከመጣሁ ጀምሮ ይችን አንዷን ሳትጠመዝዝ ተናገርክ። ያቺ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጠህ ትጽፍባት የነበረችው ደብተር የት አለች?

ምንውየለት፦ እቤቴ አለች።

ቢሰጥ፦ እሷንም ለውጠሃታል?

ምንውየለት፦ አልለወጥኳትም። ስድስቱም ጉድጓዶች ከነልካቸው አሉ። ለማቃጠል ሁለት ጊዜ አውጥቻት አልቻልኩም።

ቢሰጥ፦ ከእሷ ጋር አድርገህ ለዞን ማመልከቻ ጻፍልኝ። አሁን፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ። አሻራዬን አድርጌ በእጄ ይዤው እሄዳለሁ። ከሰዓት መኪና አለ አይደል?

ምንውየለት፦ ማመልከቻው ከሄደ እኔ እዚህ ቤት አንድ ሳምንት አልቆይም።

ቢሰጥ፦ አውቃለሁ።

ምንውየለት፦ ሳላይ መፈረሜን ራሴ መጻፍ ይኖርብኛል። እሱ ከሌለ ደብተሯን የሚያምናት የለም።

ቢሰጥ፦ እኔ ጻፍ ብዬ አላስገድድህም። እጅህ ያንተ ነው። ያ ሜዳ ሲታረስ ግን መጀመሪያ የሚመጣው ጎርፍ የሚወርደው በእነዚያ አንተን አብልተው ባሳደሩ ሰዎች ቤት ላይ ነው። ይኼን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እኔማ ጭንጫ መሆኑን እንጂ የጎርፉን መንገድ አላውቅም ነበር።

ምንውየለት፦ ቆይ፣ ወረቀት ላውጣ።

ቢሰጥ፦ ምን ትጽፋለህ?

ምንውየለት፦ «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው ባለሙያ፣ ሰባተኛውን ጉድጓድ በአካል ሳላየው መፈረሜን አረጋግጣለሁ። ጉድጓዱ የተቆፈረው ከግጦሽ መሬቱ ወሰን ውጭ፣ በድሮ የበግ በረት ውስጥ ነው...»

ቢሰጥ፦ ቀጥል።

ምንውየለት፦ «ቦታውን ለአጥኚዎቹ ያሳየው...» አያ ቢሰጥ፣ እዚህች ላይ «አንድ የአካባቢው ነዋሪ» ብዬ ልለፈው። አባት ነዎት። ማንም አይፈርድብዎትም።

ቢሰጥ፦ አንድ ነዋሪ ካልክማ ሰዉ እርስ በርሱ ሲተያይ ሊኖር ነው። ከነአባቱ ጻፈው፤ አንሙት ቢሰጥ።