ትምህርት ቤት አጠገብ ቤት ፍለጋ

ከኢተያ ወደ አሰላ ልንዛወር ነበር። የመረጥነው ትምህርት ቤት የሚመዘግበው የቀበሌውን ነዋሪ ልጆች ብቻ ስለሆነ፣ ቤት የምንፈልገው እዚያው አጠገብ ነበር። አከራዮቹ ግን ሦስት ልጆች እንዳሉን ሲሰሙ «አይሆንም» ይሉናል። በመጨረሻ አንዲት አዛውንት ግቢ ገባን።

«ስንት ልጅ አላችሁ?» አሉ።

ባሌ ፈጠን ብሎ «አንድ ብቻ!» አለ።

ፊታቸው ቅጭም አለ። «አንድ? እኔ እንኳ ልጅ የሚበዛበት ቤተሰብ ነበር የፈለግኩት። ልጆቼ ከሄዱ ወዲህ ግቢው ጭር ብሎብኛል።»

አላስቻለኝም። «እማማ፣ ሦስት ናቸው!» አልኩ። ባሌ መሬት መሬቱን ያያል። እሳቸው ከት ብለው ሳቁና «ውይ ልጄ! እዚሁ ቆመሽ ሁለት ወለድሽ?» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ልጆቹም ተመዘገቡ። አሁን ጠዋት ጠዋት እስከ ትምህርት ቤቱ በር የሚሸኟቸው እሳቸው ናቸው።