ጥሩዬን ልታመጣ
ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው አውቶቡስ፣ አማርኛ የለመደች ፈረንጅ ነርስና አንድ ሽማግሌ ቄስ ከፊቴ ተቀምጠው ያወጋሉ።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ሆስፒታል ነው፣ አባ። ከምናሳድጋቸው የሙት ልጆች አንዷ፣ ጥሩዬ፣ ኩፍኝ ይዟት ተኝታ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ተሻላት! ወደ ቤት ልወስዳት ነው።»

«እሰይ፣ ተመስገን! መቼም ሳትጸልዪላት አልቀረሽም።»

«እኔስ ወንድሜ በጦርነት ከሞተ ወዲህ ጸሎት ትቼ ነበር። ልጆቹ ናቸው ‹ለጥሩዬ እንጸልይ› ብለው እጄን የያዙኝ። እምቢ ማለት አቃተኝና አብሬያቸው ተንበረከክሁ።»

«ከዚያስ?»

«አለቀስሁ፤ እነሱ አባበሉኝ። ጥሩዬ ገና ሳይሻላት፣ እግዚአብሔር እንዳልተወኝ አመንሁ።»

«እንግዲያ ልጆቹን ላሳድግ ብለሽ መጥተሽ፣ እነሱ አሳደጉሽ በይኛ!»

«እንዴታ፣ አባ!»

ማንኩሳ ላይ መውረድ ነበረብኝ፤ ጥሩዬን ሳላይ መውረድ አቃተኝና እስከ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ።