ከሆራው ዳር የሚቀረው ነጭ ነገር

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ነገር ሱሉልታን ባመሳት በ2008 ታኅሣሥ፣ አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ጎማ እየተቃጠለ፣ ወታደር በመኪና ተጭኖ ይመላለስ ነበር። ሰው ግን የለመደውን በቀላሉ አይተውም። ኦቦ ቀጄላም በዚያ ማለዳ አራት ላሞቻቸውን ከጋራው ማዶ ወዳለው ሆራ፣ ከብት ወደሚጠጣው ጨዋማ ምንጭ፣ እየነዱ ተነሡ። ጎረቤታቸው ዱባለ የራሱን ላሞች ነድቶ ቀድሟቸዋል። እግራቸው ይራመዳል እንጂ ልባቸው ፈርቷል።

ከድልድዩ አጠገብ፣ በነጋዴው በሱሩር ሱቅ ደጃፍ፣ ልጁን ራቢአን አገኟት። ስነ ምድር የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ በረብሻው ተዘግቶ ቤት ከገባች ሳምንቷ ነው።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ቀጄላ! በዚህ ቀን ወዴት ነው?»

«ነጋ፣ ሰላም ነው ልጄ። ወደ ሆራ ነዋ። ይቺ ዳለቻ እርጉዝ ናት። ሆራ ከቀረባት ወዲህ አጥንት ታላምጣለች፣ ግድግዳ ትልሳለች። ዛሬም ካልጠጣች እሷም በሆዷ ያለውም አይተርፉም።»

«አንቱስ? ማዶ ተኩስ አለ ይባላል።»

«ጥይቱን እፈራለሁ፤ የላሟን ሞት ግን አብልጬ እፈራለሁ። ሆራ በረከት አለው። አባቶቻችን በከንቱ አልነዱም።»

«በረከቱን መች ካድኩ? ምን እንደሆነ ልንገርዎ ብዬ ነው። በበጋ ፀሐይ ሲመታው ከሆራው ዳር ምን ይቀራል?»

«ነጭ ነገር። ከብቱ ይሻማበታል።»

«ማዕድን ማለት እሱ ነው። ተዘርቶ አይበቅልም፣ ከእንስሳም አይወለድም፤ ምድር ራሷ ትሠራዋለች። አንዳንዱ የቀለጠ ዓለት ሲበርድ ይረጋል። ሌላውን ውሃ ከዓለት ውስጥ አሟሙቶ ያወጣዋል፤ ውሃው ሲተን መልሶ ይረጋል፤ ጨው እንዲህ ነው። የማረሻዎ ብረት፣ የግድግዳው ጀሶ፣ የመስኮቱ መስታወት መነሻቸው ማዕድን ነው። የላሟ አጥንትና ወተትም ያለ እሱ አይሆኑም። ዳለቻ የራባት እሱው ነው። አሞሌ ጨውም፣ ቦሌ የሚባለው ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈርም እኛ ሱቅ አለ።»

ኦቦ ቀጄላ በዚያ ጭንቀት መሐል ፈገግ አሉ። «የነጋዴ ልጅ! ወሬሽ ዞሮ ዞሮ ሱቅ ገባ!»

ራቢአም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በነጻ ይውሰዱ፤ ብቻ አይሂዱ።»

ገብታ ጡጫ የሚያህል አሞሌ አመጣችና ለዳለቻ ዘረጋች። ላሟ ዓይኗን ጨፍና በዚያ ሞረድ ምላሷ ትልሰው ጀመር። እውነቱን ለመናገር ክርክሩን የረታችው ላሟ ናት።

«እንግዲህ እመለሳለሁ» አሉ ሽማግሌው አሞሌውን እየተቀበሉ።

በረታቸው ሳይደርሱ ከጋራው ማዶ ተኩስ ተሰማ። ላሞቻቸውን አጣድፈው በረት አስገቡ። እኩለ ቀን ላይ የዱባለ ላሞች አፋቸው እንደረጠበ፣ ያለ እረኛ፣ ብቻቸውን መጡ። ኦቦ ቀጄላ ከራሳቸው ከብት ጋር አስገቧቸው፤ አሞሌውንም ለሁለት ገመሱት።

ለካ ዱባለን ወታደሮች ከሆራው ዳር ይዘውት ኖሯል፤ ከእስር የተለቀቀው በዘጠነኛው ቀን ነው፤ ራሱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ኦቦ ቀጄላ ቤት ገብቶ ገና ሳይቀመጥ «ላሞቼ ሆራ ቀረባቸው፤ ነገ በማለዳ...» ሲል ኦቦ ቀጄላ አቋረጡት።

«የትም አትሄድም! የሆራው ማዕድን ከነሱሩር ሱቅ በረት ገብቷል። ንጹሕ ውሃ አስከትልላቸዋለሁ፤ ጨው ሲበዛ እንደሚጎዳም ልጅቱ ነግራኛለች። ዳለቻ አጥንት ማላመጡን ትታለች፤ የአንተም ላሞች ወተት አልቀነሱም። የግማሽ ቀን መንገድ ቀረ፣ ጥይት መሐል መግባት ቀረ። ከብቱ ሁሉ ሙሉ ነበር፣ ዱባለ። የጎደልከው አንተ ብቻ ነበርክ።»