በዔሊ መኪና የሚሄዱ ስልኮች

የሠራተኛ ሰርቪስ የሚነዳው ሽማግሌ በመኪና አደጋ ከሞተው ሾፌር ጓደኛው ቀብር ሲመለስ አንድ ጎማ ቤት በር ላይ ከእህቱ ልጅ ጋር ተገጣጠመ። ልጅቱ እሱ በሚሠራበት ድርጅት የአደጋ መከላከል ኃላፊ ናት፤ የሾፌሮችን አነዳድ የሚከታተለውን የስልክ መተግበሪያ ያመጣችውም እሷ ስለሆነች ሾፌሮቹ ዓይኗን ማየት አይፈልጉም። አጎቷም ቢሆን ሰሞኑን ሲያያት መንገድ ይቀይር ነበር።

ዛሬ ግን ማምለጫ አልነበረም። አጽናናችውና አሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ መብረቅ በሞተ ማግስት መተግበሪያው ምን እንዳለ ያውቃሉ?» አለችው። መብረቅ የሟቹ ቅጽል ስም ነው፤ ለምን እንደወጣለት መናገር አያስፈልግም። «ቀኑን ሙሉ በጨዋ ደንብ ሲነዳ ዋለ ይላል። ከፍጥነት ወሰን አላለፈም፣ አንዴም ድንገት ፍሬን አልያዘም።»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሾፌሮቹ ድርጅቱ የሰጣቸውን ስልክ በየማለዳው ሰብስበው ዔሊ ለሚሉት ቀርፋፋ ባልደረባቸው ያስረክባሉ። ዔሊ ስልኮቹን በመኪናው ይዞ ይዞራል፣ ሁሉም ምስጉን ሾፌር ይባላሉ። ብልጠት መስሏቸው ሲሳሳቁ ከርመው፣ የሟቹን ስልክ ከዔሊ መኪና ማውጣት ማንንም ትዝ አላለውም።

ቢያፍርም በቀላሉ እጅ አልሰጠም። እናቷ ሳታገባ ጀምሮ መሪ እንደያዘ፣ ሰውን የሚጠብቀው እግዜር እንጂ ስልክ እንዳልሆነ ነገራት። «ደግሞ ስልኩ የሰጣችሁ ነጥብ አነሰ ብላችሁ ልታባርሩን ነው» አለ።

ልጅቱ ፍርሃቱን አልናቀችም። በነጥብ ምክንያት ማንም እንዳይባረር አለቆቹን በጽሑፍ አስማምታለች። ስልኩ መኪናው ሲከንፍ፣ ፍሬን በድንገት ሲረገጥ፣ ሾፌሩ እየነዳ ስልክ ሲነካካ መዝግቦ አደጋው ሳይደርስ እንደሚያስጠነቅቅ በትዕግሥት አስረዳችው።

«መብረቅ መሪ ላይ እንቅልፍ ያስቸግረው እንደነበር ያውቁ ነበር?»

ያውቅ ነበር። ራሱ መብረቅ ነግሮት ስቀው አልፈውታል።

«ቀኑ ደርሶ ነው» አላት።

«ስልኩ አብሮት ቢሆን በየመንገዱ ሲደነብር እናየው ነበር፤ እናሳርፈው ነበር።»

«ገደላችሁት በይኛ።»

ልጅቱ አላለችም። አይደለም ብላም አላጽናናችውም።

በማግስቱ ስልኩን ከዔሊ ተቀብሎ ራሱ ያዘ። ሳምንት ሳይሞላ መተግበሪያው እሱ የደበቀውን ጉድ አወጣበት፤ ጠዋት የረጋው ሰው አመሻሹ ላይ በየመታጠፊያው ድንገት ፍሬን ይይዛል። ድርጅቱ የላከው ሐኪም ዓይኑን መርምሮ ሲጨልም አጥርቶ እንደማያይ ነገረውና ከእንግዲህ ሲመሽ እንዳይነዳ ከለከለው። እሱም የጠዋቱን ጉዞ ብቻ ያዘ፤ ማንም አላባረረውም። ሌሎቹም ሾፌሮች አንድ በአንድ ስልካቸውን ወሰዱ፤ የደከመው ያርፋል፣ የሚከንፈው ይመከራል።

ሽማግሌው አሁን ለጀማሪዎች የሚነግራቸው አንድ ነገር ነው። «ያታለልነው ስልኩን አልነበረም፤ የተሳፈረውን ሰው ነው።» ሠራተኞቹ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ እሱን አምነው አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር። በዚህም ይኮራ ነበር። አሁን ያን ሁሉ ሰው እንዳስተኛ፣ የፊቱን መንገድ ሳያይ ይነዳ እንደነበር ያውቃል።