የፓራሞ አማርኛ

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ትንሽ ማሳተሚያ ቤት፣ ወጣቷ ተርጓሚ ትርሲትና አዛውንቱ አርታኢ ጋሽ ይርዳው፣ አንድ እንግሊዛዊ ስለ ኢኳዶር ተራሮች የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ ትርጉም መሃላቸው አስቀምጠው ይከራከራሉ።

ትርሲት፦ «ማኛና»ን ማነው ጤፍ ያደረገው?

ጋሽ ይርዳው፦ አራሚው ነው። «ትኬት ቆራጩን አውቶብሱ መቼ ይነሳል ብለው፣ ማኛና አለኝ» የሚለውን አይቶ፣ የፊደል ስህተት መስሎት «ማኛ ጤፍ አለኝ» ብሎ አቃናው። አልፈርድበትም።

ትርሲት፦ በስፓኒሽ «ነገ» ማለት እኮ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ታዲያ «ነገ» ብለሽ አትጽፊም?

ትርሲት፦ ደራሲውም በእንግሊዝኛው መሃል ስፓኒሹን እንዳለ ነው የተወው። እሱ ያልተረጎመውን እኔ ምን አግብቶኝ? የአገሩ ሽታ ያለው እነዚህ ቃላት ላይ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ «ፕላዛ»ን «ፒያሳ» ያልሽውም ለሽታው ነው? አንባቢ ሰውየውን ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ ሲጠጣ ሊያገኘው ነው።

ትርሲት፦ እሱን አደባባይ አደርገዋለሁ። የቀረው እንዳለ ካልወጣ ግን ስሜን ከሽፋኑ ያንሱልኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ ቀስ በይ። ይቺን «ቲየራ ፍሪያ» የምትለዋን ሰውየው ለምን አልተረጎማትም?

ትርሲት፦ እንግሊዝኛው ቃል የለውማ።

ጋሽ ይርዳው፦ እኛስ?

ትርሲት፦ ደጋ።

ጋሽ ይርዳው፦ «ቲየራ ካሊየንቴ»ስ?

ትርሲት፦ ቆላ። ገባኝ፣ ጋሽ ይርዳው።

ጋሽ ይርዳው፦ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው ልጄ። እሱ ቸግሮት የተበደረውን አንቺ ሞልቶልሽ ትበደሪያለሽ?

ትርሲት፦ ይሁን፣ እነሱን ይውሰዷቸው። «ፓራሞ» ግን አይነካም። እሱ አማርኛ የለውም።

ጋሽ ይርዳው፦ ምንድን ነው እሱ ደግሞ?

ትርሲት፦ ከደጋው በላይ ያለው ነዋ። ገብስ እንኳ እምቢ የሚልበት። ጠዋት ጭጋጉ ሲተኛበት ከብቱን በድምፁ ነው የሚለዩት። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። አባቴ ሲገምዱት መዳፋቸው ይላላጥና...

ጋሽ ይርዳው፦ አባትሽ ኢኳዶር ነበሩ እንዴ?

ትርሲት፦ መንዝ ናቸው።

ጋሽ ይርዳው፦ እኔ እኮ ያን ምዕራፍ ሳነብ ብርድ ብርድ ያለኝ፣ እንግሊዙ ጎበዝ ሆኖ መስሎኝ ነበር።

ትርሲት፦ እሱም ጎበዝ ነው። እኔ ግን አገሬን እያየሁ ነው የተረጎምኩት።

ጋሽ ይርዳው፦ እና እናንተ ዘንድ ስሙ ማነው?

ትርሲት፦ ጓሳ። ሣሩም ቦታውም።

ጋሽ ይርዳው፦ አማርኛ የለውም ያልሽኝ ይሄንን ነው?

ትርሲት፦ የባላገር ቃል ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ጊዜ በአነጋገሬ ስንቱ ነው የሳቀብኝ። አዲስ አበቤ ጓሳን ከየት ያውቀዋል?

ጋሽ ይርዳው፦ ፓራሞንስ ያውቀዋል?

ትርሲት፦ እሱስ አያውቀውም።

ጋሽ ይርዳው፦ እንግሊዙ ቃሉን ከተራራው ሰው አፍ ለቅሞ ለንደን ሲገባ አላፈረም። አንቺ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ሆኖብሽ ነው። ቢሆንም አላስገድድሽም። ፓራሞ ይሁን ካልሽ ፓራሞ ብዬ አሳትመዋለሁ፤ ስምሽም ሽፋኑ ላይ ይቆያል።

ትርሲት፦ አባቴ መጽሐፉን ይጠብቃሉ። ሦስቴ አስደውለዋል።

ጋሽ ይርዳው፦ ፓራሞ የሚለው ጋ ሲደርሱ ምን የሚሉ ይመስልሻል?

ትርሲት፦ «ይሄ የት አገር ነው ልጄ?» በሉ እስክሪብቶውን ይስጡኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ ጎሽ። እንግዲያው ለከተሜው ከገጹ ግርጌ አጭር ማብራሪያ እናስገባለት።

ትርሲት፦ ማብራሪያ አይገባም። ያላወቀ ይጠይቅ፤ መንዝ ከኢኳዶር አይርቅም።